ቅድሚያ ለፍቅር ወይስ ለአከራይ?

በዚህ አምድ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ስንጨዋወት ነው የቆየነው። ዛሬም ከዚያው አንወጣም፤ ወሬው ግን በቤት ኪራይ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ምን ይደረግ? አዲስ አበባ ውስጥ ፍቅርም ቢሆን ማደሪያ ይፈልጋል!

ድሮ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀው የልጁ ዘርና ሙያ ነበር ይባላል። እኔ የማውቃቸው የዘንድሮ ሽማግሌዎች ግን ገና ወንበር ሳይስቡ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው... «የት ሊያኖራት ነው?» አባትየውም እኮ አይፈረድባቸውም። ልጃቸውን ድረው ሲያበቁ፣ ከነባሏ ተመልሳ ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ እንዳታነጥፍ ፈርተው ነው።

እናላችሁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ልጅ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ስሟን አላወጣም። ሠፈሯን ግን «ጻፈው፣ ችግሩ የኔ ብቻ አይደለም» ብላኛለች። መካኒሳ አቦ ነው የምትኖረው። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«25 ዓመቴ ነው። ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ጓደኛዬ 29 ዓመቱ ነው፤ ብየዳ ቤት ይሠራል። ከተዋወቅን አራት ዓመት ሆነን። እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተደብዬ ነው የምኖረው። እሱ ከወንድሙ ጋር ነው። ሁለታችን የምንገናኝበት ቤት የለንም፤ ካፌ ቁጭ ብለን ሁለት ማኪያቶ ለሦስት ሰዓት እናቆያለን፤ አስተናጋጆቹ ሲያዩን ፊታቸውን ያዞራሉ። ለሠርግ ብለን በዕቁብ 45 ሺህ ብር አጠራቀምን። አሁን ደላላ አንድ ቤት አገኘልን። ጭቃ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ የጋራ ነው። ኪራዩ በወር 6 ሺህ ብር ነው። አከራይዋ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አሉ። 36 ሺህ ብር! ለደላላው 3 ሺህ። የሚተርፈን 6 ሺህ ነው። በእሷ ፍራሽ እንግዛ ወይስ ሽማግሌ እናብላ? እሱ አንድ ዓመት እንጠብቅ ይላል። አምናም ጠብቀን ነበር፤ አምና ያው ዓይነት ቤት 4 ሺህ ነበር። ከዚህ በላይ ከጠበቅን ፍቅሩም የሚበርድ መሰለኝ፤ ሰሞኑን ስለ ቤት ሳነሳበት ስልክ የመጣለት ያስመስላል። በዚህ ላይ አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆች አንዷ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። የእሷን ድርሻ ለሁለት ከተካፈልን እኔ ዕቁብ መጣል አልችልም። ምን ትመክረኛለህ?»

ከደብዳቤው ሥር ገቢያቸውንም ጽፋልኛለች። እሷ ጉርሻውን ጨምራ 6,500 ብር ገደማ፣ እሱ ሥራ ሲኖር 9 ሺህ ብር ገደማ ያገኛሉ። አንድ ላይ 15,500 ብር። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉና አስሉት። 6 ሺህ ብር ኪራይ ከገቢያቸው ከመቶ 40 ያህሉን ይበላል። ይከብዳል፤ ግን በሽሮም በድንችም ይቻላል። ያልተቻለው ወርሃዊው ኪራይ አይደለም። ያልተቻለው በሩ ነው! ቤቱ ውስጥ ለመኖር አቅም ያላቸው ሰዎች ቤቱን ለመግባት አቅም አጡ።

በነገራችን ላይ ሁለት ሆነው ነው ይህን የቻሉት። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደሞዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6 ሺህ ብር ነው። አንድ ብቸኛ ተላላኪ ወይም ጽዳት ሠራተኛ ይችን የጭቃ ክፍል ልከራይ ቢል ደሞዙን እንዳለ ለአከራይ አስረክቦ፣ ወሩን በጠበል መክረም አለበት ማለት ነው። በግል ድርጅት የሚሠራውማ ሕግ ያስቀመጠለት ዝቅተኛ ደሞዝ እንኳ የለውም።

ሕጉስ የለም ወይ?

አለ እንጂ! ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ውስጡን ሳታዩ የቀራችሁ ይመስለኛልና ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸድቋል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከተከራይ ሊቀበል የሚችለው ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንጂ አከራይ በተናደደ ቁጥር አይደለም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸም ይላል። ከዚያ በፊትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ለሦስት ወር ኪራይ መጨመርና ተከራይ ማስወጣት ከልክሎ ነበር፤ እሱም ሲያልቅ ተራዝሟል።

ታዲያ ሕጉ ሁለት ወር እያለ ስድስት ወር የተጠየቀችው ለምንድነው? «አከራይዋ ጨካኝ ስለሆኑ» ብዬ ጽፌ መገላገል እችል ነበር። አንባቢም ደስ ይለው ነበር። ግን ሄጄ ሴትየዋን ላናግራቸው ፈለግሁ።

ከአቦ ቤተክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ በኮብልስቶኑ ገባ ሲሉ ነው ግቢው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ ልበላቸው። ቡና አፍልተው ነበር፤ «ደላላ ነህ እንዴ?» አሉና ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ስነግራቸው ሲኒውን መልሰው ሊወስዱብኝ ምንም አልቀራቸውም። ስማቸውም የቤት ቁጥራቸውም እንደማይወጣ ምዬ ነው የተረጋጉት።

ዋናው ቤት የቀበሌ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከጓሮ ሦስት ክፍል በጭቃ ለጥፈው ሠሩ። እሱንም በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አንዱን ክፍል አከራይተው በቅድሚያው ሁለተኛውን፣ የሁለተኛውን ቅድሚያ ወስደው ሦስተኛውን። ቅድሚያ የሚሉት ነገር ለእሳቸው ትርፍ ሳይሆን ቆርቆሮና ማገር ነው። ጡረታቸው ደግሞ የመድኃኒታቸውን ዋጋ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ሁለት ወር ብቻ ተቀብዬ በሦስተኛው አልከፍልም ቢሉኝ ማን ዘንድ ልሂድ? ወረዳ ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ኪራዩን አይደለም። ይህን ቤት ማን ፈቀደልሽ ነው የሚሉኝ።»

አያችሁልኝ? የሕጉ ጥበቃ የሚጀምረው ከውል ምዝገባ ነው። እትዬ ደግሞ ወረዳ ቀርበው ውል ማስመዝገብ ማለት በገዛ እግራቸው ሄደው «ሕገወጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥም አከራያለሁ» ብሎ መመስከር ነው የሚሆንባቸው። የቀበሌ ቤት ለሌላ ሰው ማከራየት እንደሚያስነጥቅ በደንብ ያውቃሉ። ስለዚህ ልጅቷ ውል የላትም፤ እሳቸውም ዋስትና የላቸውም፤ ሁለቱም ፈሪ ናቸው። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚባለው የፍርሃታቸው ዋጋ ነው። ካርታ ያለው ቤት ያከራየ ሰውዬ አይከፍለኝም ብሎ ቢከስ ፍርድ ቤት ይሰማዋል። ርካሽ ቤት ያለው ደግሞ ካርታ ባለው ሰው ዘንድ አይደለም። ድሃ የሚችለው ክፍል ሁልጊዜ ከጓሮ ነው ያለው፤ ጓሮ ደግሞ አዋጅ አይደርስም።

የቀበሌ ቤት ከየት መጣ?

ታናናሾቼ ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ። ድሃው ጨፈረ፤ ደግ አደረገ! ሆኖም ኪራዩ በዚያው ተቸንክሮ ለአሥርተ ዓመታት ቀረ። ቀበሌው ከአንድ ቤት በወር የሚሰበስባት ጥቂት ብር ለአንድ ቆርቆሮ እንኳ አትበቃም ነበርና ቤቱ እያዘመመ ሄደ። ቤት ሠርቶ ማከራየትም በዘመኑ የተከለከለ ስለነበር አዲስ የሚከራይ ቤት በግልጽ የሚሠራ ጠፋ። ሰው ግን መውለዱን አላቆመም፤ ከገጠር መምጣቱንም አላቆመም። በዚህ ጊዜ ነው ጓሮ ላይ መለጠፍ፣ በኮምፔርሳቶ አንዱን ክፍል ለሁለት መክፈል የመጣው። የእትዬ ሦስት ክፍሎች የዚያ ታሪክ የልጅ ልጆች ናቸው።

በኋላ ደርግ ወድቆ መሬት በሊዝ ሆነ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አጠበቀው፤ የከተማ መሬት ዋናው መንገዱ ጨረታ ሆነ። ጨረታ ላይ ደግሞ ብየዳ ሠራተኛና ባለ ሆቴል እኩል እጅ ያወጣሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ልንገራችሁ?

የዘበኛው ደብተር

«ኮንዶሚኒየምስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ይህች አገር ለድሃ ቤት አልሞከረችም ማለት ውሸት ነው። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ፣ ከመካኒሳ አቦ ትንሽ ወደ ታች ሲወርዱ ያለው የጀሞ ኮንዶሚኒየም ድረስ ስንትና ስንት ሕንፃ ቆሟል። መሬቱ ያለ ሊዝ ነው የተሰጠው፤ መንገድና መብራቱን መንግሥት ችሎታል። ለሴቶች ከመቶ 30 ዕጣ ተለይቶ ተይዟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንት እናት በዚህ ዕጣ ልጆቿን ይዛ ገብታለች።

ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። እዚያው ጀሞ አካባቢ ዘበኛ ናቸው፤ ጋሼ እንበላቸው። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዝገባ ሲካሄድ 10/90 ተመዘገቡ። ታስታውሱ እንደሆነ በዚያ ዓመት በሦስቱ ፕሮግራሞች፣ በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60፣ ከ900 ሺህ ሰው በላይ ነው የተመዘገበው። 10/90 ለዝቅተኛ ገቢ ነበር፤ በወር 187 ብር ለሦስት ዓመት መቆጠብ። ጋሼ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆጠቡ። ከዚያ ልጃቸው ታመመ። 187ቷ ብር መጀመሪያ አንድ ወር ዘለለች፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ተረሳች። ቁጠባ ያቋረጠ ከዕጣው ይወጣል። ደብተሩን አሁንም በፕላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ይዘውታል፤ አሳዩኝ። አሁን የሚያድሩት የሚጠብቁት ሕንፃ በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው።

«ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ቁጠባውን የጨረሱትስ? የዕጣ ነገር ነው። ዕጣ ደግሞ እንደምታውቁት... በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ገብቷል ተብሎ ተሰርዟል። ስሙን በዝርዝሩ አይቶ እልል ያለ፣ ጎረቤት ጠርቶ ድፎ የቆረሰ ሰው ሁሉ እልልታውን መለሰ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ ከ25 ሺህ በላይ ቤት ነበር የቀረበው። ከተመዝጋቢው ብዛት ጋር አስተያዩት እንግዲህ።

ዕጣው የደረሰውስ? ቅድመ ክፍያውን አምጣ ይባላል። የቀረው በባንክ ብድር ነው፤ ወለድ አለው። ቤቱ ደግሞ በር፣ ቀለም፣ የወለል ንጣፍ የሚጎድለው ነው። ግንባታው በዘገየ ቁጥር የካሬ ሜትር ዋጋው ሲጨምር ኖሯል። ስለዚህ ዕድለኛው ምን ያደርጋል? ቤቱን ለሌላ ያከራይና እሱ ከሚኖርበት ጭቃ ቤት ሳይወጣ ይቀራል፤ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል። ጋሼ የሚጠብቁት ሕንፃ ላይ ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች የሚያዩት ለኪራይ ሲመጡ ነው። «ባለቤቶቹ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ተከራዮቹ በመኪና ይገባሉ» ነው ያሉኝ።

የ40/60ው ደግሞ ይባስ። በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 972 ቤቶች ሲተላለፉ ዕጣ ውስጥ የገቡት መቶ በመቶ የከፈሉት ነበሩ። አርባ ከመቶ ቆጥብ ተብሎ የተመዘገበ ሰው፣ ሙሉውን ከከፈለ ሰው ጋር ወረፋ አልደረሰውም። 40/60 የዝቅተኛ ገቢ ፕሮግራም አልነበረም፤ እሱ እውነት ነው። ግን የነገሩን ጠባይ ያሳያል። ኪራዩም፣ ኮንዶሚኒየሙም፣ ጨረታውም አንድ ጠባይ አላቸው... መጀመሪያ ጠርቀም ያለ ብር ይዘህ ና! በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈል ለሚችል፣ አንድ ላይ ግን ለማያገኝ ሰው የተሠራ በር የለም።

ወጪ አገር ልውጣና ልመለስ። የኦስትሪያዋ ቪየና ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ በማዘጋጃ ቤትና በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው የሚኖረው፤ አብዛኛው ደግሞ ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው። ሀብታም አገር ናቸው፣ እኛን ከእነሱ ጋር አናወዳድርም። ግን አንዲት ነገር ትገርመኛለች። እነሱ ለድሃ ብለው የሠሩትን አከራዩ፤ እኛ ለድሃ ብለን የሠራነውን ሸጥነው። ዘበኛ ቤት እንዲገዛ ከምንጠይቀው በየወሩ የሚችለውን ከፍሎ የሚኖርበት ቢሠራለት አይሻልም ነበር ወይ? የቀበሌ ቤት እኮ ጣራው ቢያፈስም በዚህ ከተማ ለድሃ የተያዘ ብቸኛው የመንግሥት የኪራይ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

እሱም ቢሆን አሁን እየሳሳ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ምትክ ተሰጥቶታል፤ ከካዛንቺስ የተነሱት ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ከተማውም አምሯል፤ እኔም ማታ ማታ መብራቱን እያየሁ ስሄድ ደስ ይለኛል። ግን ምትክ የሚሰጠው ስሙ መዝገብ ላይ ላለ ነው። ከጓሮ የነበረው ደባል፣ ውል የሌለው ተከራይ፣ ስሙ የት ይገኛል? የእትዬ ግቢ አንድ ቀን ቢነሳ እሳቸው ምናልባት ኮንዶሚኒየም ይደርሳቸዋል። ያች ፀጉር ሠሪ ልጅ ግን የስድስት ወር ቅድሚያዋ ከጭቃው ጋር ይቀበራል።

ራሳችን እንሥራ ያሉስ?

ይህንንም የሞከሩ አሉ። ከመካኒሳ አቦ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ቀርሳ ኮንቶማ የሚባል አካባቢ አለ፤ እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ። ሰው ከገበሬ ላይ ቦታ በሁለት ምስክር እየገዛ ቤት ሠራ። ጨረቃ ቤት የምንለው። ዓመታት ኖሩበት፤ ልጆች ወለዱበት። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ቤቶቹ ሕገወጥ ናቸው ተብለው ሲፈርሱ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱት ውስጥ ፖሊሶችም ነበሩ። ክረምት መግቢያ ላይ ነበር፤ ስንቱ ቤተሰብ ቆርቆሮውን ነቅሎ ዝናብ ላይ ቀረ።

ማን ትክክል ነበር ብዬ አልፈርድም። ሕገወጥ መሬት የገዛ ሰው ሕገወጥ መሬት ነው የገዛው። ነገር ግን ሕጋዊው መሬት በጨረታ ብቻ ከሆነ፣ ሕጋዊው ቤት በዕጣ ብቻ ከሆነ፣ ሕጋዊው ኪራይ ደግሞ ካርታ ባለው ግቢ ብቻ ከሆነ... የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!

ቁሳቁሱንም እንርሳው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ገበያ ላይ ከሺህ ብር በላይ ሲሸጥ አይተናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ሽቦው፣ የውሃ ቧንቧው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከውጭ ነው የሚመጣው። የቤት ዋጋ ከዚህ ተርፎ የት ይሄዳል?

ለልጅቷ የመለስኩላት

አሁን ወደ ደብዳቤው። እህቴ፣ «አንድ ዓመት እንጠብቅ» የሚለውን አትቀበይ። ፍቅራችሁ ይበርዳል ብዬ አይደለም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ሂሳቡ አይሆንም። በዓመት ውስጥ ዕቁባችሁ ከሚያድገው ይልቅ ኪራዩ የሚያድገው ይበልጣል፤ ያለፈው ዓመት አስተምሮሻል። ልጁ ስለ ቤት ስታነሺበት ስልክ የሚያነሳውም ስለጠላሽ አይመስለኝም። ወንድ ልጅ ያልቻለውን ነገር ሲጠየቅ ጆሮው ይደፈናል። ሂሳቡን ወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩት፤ «የት ታኖረኛለህ?» ሳይሆን «የት እንኑር?» ብለሽ ጀምሪው።

36 ሺውንም አትስጪ። እትዬን ደግሜ አናግሬያቸዋለሁ። ሴትየዋ የፈሩት ተከራይ መጥፋቱን ነው። «ሠፈሩ የሚያውቀው ዋስ ካመጡ ሦስት ወር ይበቃኛል» ብለዋል። ሕጉ ሁለት ወር እንደሚል ነግሬያቸዋለሁ፤ «ሕጉ ጣራዬን ይሥራልኛ!» አሉኝ። የእጮኛሽ አለቃ እዚያው መካኒሳ ብየዳ ቤት ካለው፣ ዕድርም ካለበት፣ ከእሱ የተሻለ ዋስ የለም። 18 ሺህ ከፍላችሁ ለደላላው 3 ሺህ ብትሰጡ 24 ሺህ ብር ይተርፋችኋል። በእሷ ፍራሽም ድስትም ይገዛል። ጋብቻችሁን ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ሽማግሌውን በዶሮ ሳይሆን በቡናና በዳቦ ሸኙት። ሠርግ በኋላም ይደርሳል። አባትሽ «የት ሊያኖራት ነው?» ካሉም መልስ አለሽ።

አንድ ነገር ግን እትዬን እንድትጠይቂያቸው የነገርኩሽን እንዳትረሺ። ልጅ ብትወልዱስ? ብዙ አከራይ ላጤ ይወዳል፤ ባልና ሚስት ይታገሳል፤ ልጅ ሲመጣ ግን «ውሃ ይበዛል፣ ሽንት ቤት ይሞላል» ብሎ ያስወጣል። እኔ የማውቃቸው ባልና ሚስት ሚስቲቱ ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቤት ሲፈልጉ፣ ጋቢ ደርባ ሆዷን እየደበቀች ነው የተከራየችው። ስለዚህ ሳትገቡ በፊት ጠይቁ፤ መልሱም ወረቀት ላይ ይስፈር።

ለሌሎቻችሁም እግረ መንገዴን። ቤቱ ካርታ ኖረው አልኖረው የጽሑፍ ውል ሳትይዙ ብር አትቁጠሩ። ሁለት ምስክር አስፈርሙ። ኪራዩን በእጅ ሳይሆን በባንክ ላኩ፤ ነገ «አልከፈልክም» ስትባሉ ደረሰኙ ይናገራል። መብራትና ውሃ ለብቻ ነው ወይስ በኪራዩ ውስጥ፣ ስንት ሰው በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀም ጠይቁ። ካርታ ያለው ቤት የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ወረዳ ሄዳችሁ ከማስመዝገብ አትስነፉ፤ ውሉን በተፈራረማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። አከራይ «እኔና አንተ ተማምነን የለ እንዴ» ቢላችሁ እንኳ በትሕትና «እርሶን አምኜ ነው፣ የሚመጣውን ቀን ፈርቼ ነው» በሉ። ርቆ ያለ ርካሽ ቤት ስታዩም የታክሲውን ሂሳብ ደምሩበት። አንዱ ወዳጄ 2 ሺህ ብር ለመቆጠብ ብሎ ርቆ ሄዶ በወር 2,600 ብር ለታክሲ ይከፍላል፤ ሰልፉን ሳልቆጥር።

እናንተስ? ከጓሮ የተከራያችሁ፣ ስንት ወር ቅድሚያ ተጠየቃችሁ? አከራዮችም ጻፉልኝ፤ የእናንተንም ወገን መስማት እፈልጋለሁ፤ ስማችሁንም የቤት ቁጥራችሁንም አላወጣም። ልጅቷ ገብታ እንደሆነ ስትጽፍልኝ እነግራችኋለሁ።

ሳምንት ሰው ይበለን!